ኢምፔሪሲዝም፦ ከልምድ ስለሚገኝ ዕውቀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ፍልስፍናን ገና የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። አንዳንዶቹ በጥቂት መስመር ያልቃሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሦስት መቶ ዓመት ተጨቃጭቀውባቸው ገና አልተዘጉም። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የተጻፉት።

ኢምፔሪሲዝም በአጭሩ ምንድን ነው?

ስለ ዓለም የምናውቀው ነገር ሁሉ መነሻው ልምድ ነው የሚል የፍልስፍና አቋም ነው። ልምድ ሲባል በመጀመሪያ ያየነው፣ የሰማነው፣ የዳሰስነው፣ የቀመስነውና ያሸተትነው ነው። እሳት እንደሚያቃጥል፣ ብረት ከእንጨት እንደሚከብድ፣ ጨረቃ ጎድላ እንደምትሞላ ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ ማንም አይደርስበትም። የሆነ ሰው፣ የሆነ ጊዜ፣ ማየት አለበት።

አቋሙ ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ ስለ ምንጭ ነው፦ ሐሳቦቻችን ከየት መጡ? ሌላው ስለ ማረጋገጫ ነው፦ አንድ አባባል እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። በእኔ ግምት ክብደቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሐሳቡ በህልም ይምጣላችሁ፣ ከመጽሐፍ አግኙት፣ ገላችሁን ስትታጠቡ ብልጭ ይበልላችሁ፤ ኢምፔሪሲስት ግድ የለውም። "እሺ፣ በምን እናረጋግጠው?" ብሎ ግን መጠየቁ አይቀርም።

ልምድ ሲባል የሥራ ልምድ ማለት ነው?

አይደለም፤ ቢያንስ በቀጥታ አይደለም። አንድ ሐኪም 20 ዓመት ሠርቷል ስንል የምናወራው ስለ ችሎታና ስለ ቆይታ ነው። ፈላስፎቹ የሚያወሩት ከዚያ በጣም ስላነሰ ነገር ነው፦ አሁን ዓይኔ ላይ ስላረፈው ቀይ ቀለም፣ ጣቴን ስለተሰማው ቅዝቃዜ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ዝቅ ብሎ ስለ ረጅም ዓመት ልምድ የተጠየቀ ጥያቄ ስላለ እዚያ ላይ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡን ማን ጀመረው?

በአንድ ሰው ስም ማስመዝገብ አይቻልም። በጥንቱ የግሪክ ዓለም በዚሁ ስም የሚጠሩ ሐኪሞች ነበሩ። የተደበቀ የበሽታ መንስኤን በግምት ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው ይሉ ነበር። የሚያምኑት ሦስት ነገር ነው፦ ራሳቸው ያዩትን፣ ሌሎች አይተው የመዘገቡትን፣ አዲስ ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ከሚመስለው ጋር አስተያይተው ያገኙትን። በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዓረቡ ሊቅ ኢብን አል ሃይሠም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ ለማሳየት ጨለማ ክፍልና ጠባብ ቀዳዳ አዘጋጅቶ ሞከረ። ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር እየረጨ ነው የሚለውን የቆየ እምነትም ተቃወመ።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ፍራንሲስ ቤከን በ1620 ባሳተመው ሥራው ተመራማሪዎችን በሦስት ከፈላቸው። አንዱ እንደ ጉንዳን ነው፤ ያገኘውን እየሰበሰበ ይከምራል። አንዱ እንደ ሸረሪት ነው፤ ከራሱ ሆድ ድር ያወጣል። ቤከን የወደዳት ንብን ነው፤ ከአበባ ትሰበስባለች፣ ከዚያ በራሷ አቅም ትለውጠዋለች።

የትምህርት መጻሕፍት ሁልጊዜ የሚጠሯቸው ሦስት ሰዎች ከእሱ በኋላ መጡ፦ ጆን ሎክ (ዋና ሥራው በ1689 ወጣ)፣ ጆርጅ በርክሊ (1710)፣ ዴቪድ ሂዩም (ከ1739 ጀምሮ)። በነገራችን ላይ ሦስቱን በአንድ ቡድን ያሰለፏቸው በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ናቸው። ሎክ "እኔ ኢምፔሪሲስት ነኝ" ብሎ አያውቅም።

ሎክ አእምሮ ባዶ ወረቀት ነው ሲል ሕፃን ምንም ሳይዝ ይወለዳል ማለቱ ነው?

ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚረዳው። ሎክ የተቃወመው ግን በዘመኑ ገንኖ የነበረ አንድ እምነትን ነው፦ አንዳንድ እውነቶች ከልደት ጀምሮ አእምሯችን ላይ ተጽፈዋል የሚለውን። "አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሊኖርም ላይኖርም አይችልም" የሚለው እንደ ምሳሌ ይጠቀስ ነበር። የሎክ መልስ ቀላል ነው። ተጽፎ ከሆነ ሕፃናት ማወቅ ነበረባቸው። አያውቁም። ሳያውቁት ተጽፎባቸዋል ማለት ደግሞ ምንም እንዳለማለት ነው።

የማስታወስ፣ የማነጻጸር፣ የመለየት ችሎታ አብሮን እንደሚወለድ ግን አልካደም። ልምድም ለሎክ ሁለት በር አለው። በአንዱ የውጩ ዓለም በስሜት ህዋሳት በኩል ይገባል። በሌላው አእምሮ የራሱን ሥራ ይታዘባል፤ ስጠራጠር መጠራጠሬን፣ ስፈልግ መፈለጌን አውቃለሁ።

የኋላው ዘመን ጥናት ነገሩን ትንሽ አወሳስቦታል። ኤሊኖር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ በ1960 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ገደል በሚመስል ነገር ላይ ጠንካራ መስታወት ዘረጉ። መዳህ ከጀመሩት ሕፃናት አብዛኞቹ እናታቸው ከማዶ እየጠራቻቸው እንኳ በመስታወቱ ላይ አልፍም አሉ። ሕፃናቱ ወራት ስላስቆጠሩ ተምረውት ይሆናል ማለት ይቻላል። ከተፈለፈሉ አንድ ቀን ያልሞላቸው ጫጩቶች ግን ከገደሉ ወገን ሸሹ። እነሱ የት ወድቀው ተማሩት? ሎክ በዚህ ይረታል ብዬ አላስብም። ጫጩቷ ትሸሻለች እንጂ ስለ ጥልቀት የምታምነው አባባል የላትም። ወረቀቱ ግን ሎክ ከሳለው ይልቅ መስመር የተሰመረበት ሆኖ ተገኝቷል።

የወርቅ ተራራ አይቼ አላውቅም፤ ግን ማሰብ እችላለሁ። ታዲያ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?

ምሳሌው የሂዩም ነው፤ መልሱም የእሱ። ወርቅ አይታችኋል። ተራራም አይታችኋል። ምናብ መቀጠል፣ ማሳነስ፣ ማግዘፍ፣ ማዳቀል ይችላል። ጥሬ ዕቃውን ግን ራሱ አይሠራም። አናናስ ቀምሶ የማያውቅ ሰው የአናናስን ጣዕም በምንም ገለጻ አያገኘውም ይላል ሂዩም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው ነው።

ደስ የሚለው፣ ሂዩም የራሱን ሐሳብ ሊያፈርስ የሚችል ምሳሌም አብሮ መጻፉ ነው። አንድ ሰው ሰማያዊ ቀለምን በሁሉም ዓይነቱ አይቷል እንበል፤ ከአንዷ በቀር። ከደማቁ እስከ ፈዛዛው በተራ ቢደረደሩለት ክፍተቷ ላይ ሲደርስ የጎደለችውን ቀለም በሐሳቡ ሊሞላት ይችላል? ሂዩም "ይችላል" አለ። ከዚያ ነገሩ ብርቅ ስለሆነ ለእሱ ሲባል ደንቡን መለወጥ አያስፈልግም ብሎ አለፈ። እስካሁን ይወቅሱታል። እኔ ግን ሳይጽፈው ቢቀር ማን ያውቅበት ነበር እላለሁ።

ራሽናሊስቶቹስ (የዕውቀት ዋና ምንጭ አእምሮ ነው የሚሉት) ምን ብለው ይከራከራሉ?

ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 ባሳተመው ሥራ አንድ ቁራጭ ሰም ያነሳል። ጠጣር ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የአበባ ጠረን አለው፣ በጣት ሲመቱት ድምፅ ይሰጣል። እሳት አጠገብ ሲያደርጉት ጠረኑ ይጠፋል፣ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ፈሳሽ ይሆናል። ስሜት ህዋሳት የነገሩኝ ሁሉ ተለወጠ። ያው ሰም መሆኑን ግን አልጠራጠርም። ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ? አእምሮዬ ነው ይላል ዴካርት።

ሌላው ጀርመናዊው ፈላስፋ ላይብኒዝ ነው። የሎክን መጽሐፍ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ ሙሉ መልስ ጻፈ። በ1704 ሊጨርስ ሲል ሎክ ሞተ። መልስ መስጠት ከማይችል ሰው ጋር መሟገት ስላልወደደ ሥራውን አስቀመጠው፤ የታተመው በ1765፣ ላይብኒዝ ራሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የክርክሩ ፍሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገባል፦ በአእምሮ ውስጥ ቀድሞ በስሜት ህዋሳት ያላለፈ ነገር የለም፣ ከራሱ ከአእምሮው በስተቀር።

2 እና 3 አምስት መሆኑን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሒሳብ ኢምፔሪሲዝምን አያፈርሰውም?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ሂዩም ነገሩን በመክፈል ሊያመልጥ ሞከረ። አንዳንድ እውነቶች በሐሳቦች መካከል ስላለ ዝምድና ናቸው፤ ሒሳብ እዚህ ይገባል፤ ስለ ዓለም ግን ምንም አይነግረንም። ስለ ዓለም የሚናገሩት ሌሎቹ ናቸው፤ እነሱ ልምድ ይፈልጋሉ።

ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ከዚህም አለፈ። ሒሳብ ራሱ ዕቃ ስንቆጥርና ስንደምር ከኖርንበት ልምድ የተጠቃለለ ነው አለ። ብዙ ተከታይ አላገኘም። ሁለት ጠብታ ውሃ ላይ ሦስት ጠብታ ቢጨመር አንድ ትልቅ ጠብታ ይሆናል፤ ይህን አይቶ "ሒሳቡ ተሳስቷል" የሚል ሰው የለም።

ጂኦሜትሪ ላይ ግን ኢምፔሪሲስቶቹ ያልጠበቁትን ድል አገኙ። የዩክሊድ ጂኦሜትሪ ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ያለ ምንም ምልከታ የታወቀ የጠፈር እውነት ይመስል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሌሎች ጂኦሜትሪዎች ተገኙ፤ እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ቅራኔ የሌለባቸው፣ ግን ከዩክሊድ የተለዩ። አይንስታይን በ1915 የስበት ንድፈ ሐሳቡን ሲያቀርብ ዩክሊዳዊ ያልሆነውን ተጠቀመ። ጠፈር የቱን እንደሚከተል ለማወቅ መለካት የግድ ሆነ።

ዓይንና ጆሮ ይሳሳታሉ። እንዴት ይታመናሉ?

ሎክ የጠቀሳትን ሙከራ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አንድ እጃችሁን ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውስጥ ጥቂት አቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቱ። ያው ውሃ ለአንዱ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ለሌላው ይሞቃል። በ1889 ሙለር ላየር ያስተዋወቀው የዓይን ማታለያም አለ። እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች ጫፋቸው ላይ ያለው ቀስት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በመዞሩ ብቻ አንዱ ረጅም ይመስላል። እኩል መሆናቸውን ብታውቁም ዓይናችሁ አይታረምም።

እኩል መሆናቸውን በምን አወቅን? በማስመሪያ። ማስመሪያውን ደግሞ ያነበብነው በዓይናችን ነው። የአንዱን ልምድ ስህተት የያዘው ሌላ ልምድ ነው። አንድ ምስክር ሲዋሽ ሌሎቹ ያጋልጡታል እንጂ ችሎቱ አይበተንም።

ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ድንገት ቢያይ በእጁ ያወቀውን በዓይኑ ይለየዋል?

ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ፈላስፎች በሐሳብ ብቻ ሲጠይቁት ኖረው፣ ቆይቶ በእውነተኛ ሰዎች ላይ የተፈተሸ ጥያቄ ነው።

ያነሳው የአየርላንዱ ዊሊያም ሞሊኑ ነው። የራሱ ሚስት የዓይን ብርሃኗን አጥታ ነበር። ለሎክ ጻፈለት። ከልደቱ የማያይ ሰው ኳስና ባለ ስድስት ገጽ ኩብ በእጁ ዳስሶ መለየት ለምዷል። አሁን ዓይኑ ቢበራና ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡለት፣ ሳይነካቸው "ይሄ ኳስ ነው፣ ያ ኩብ ነው" ሊል ይችላል? ሞሊኑ "አይችልም" አለ። ሎክም ተስማማና ጥያቄውን በ1694 በወጣው በሁለተኛው እትም ላይ አካተተው። በእጅ የተሰማው ማዕዘን በዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል የሚያስተምረው ልምድ ብቻ ነው አሉ። ላይብኒዝ ግን ሰውየው ከፊቱ ያሉት ሁለቱ ነገሮች ኳሱና ኩቡ መሆናቸው ከተነገረው አስቦ ሊደርስበት ይችላል አለ፤ አንዱ ማዕዘን አለው፣ ሌላው የለውም።

በ1728 ዊሊያም ቼዝልደን የተባለ የእንግሊዝ ቀዶ ሐኪም ዓይኑን ያከመለትን የ13 ወይም 14 ዓመት ልጅ ታሪክ አሳተመ። ልጁ መጀመሪያ ላይ ያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የሚነካው ይመስለው ነበር። የትኛው ቅርጽ የትኛው ዕቃ እንደሆነ አይለይም። ሁሉም ግን በዚህ አልተረታም፤ ዓይኑ ገና ደካማ ስለነበር ነው ያሉ ነበሩ።

የተሻለው ፈተና በ2011 ታተመ። ሕንድ ውስጥ ሲወለዱ ጀምሮ ማየት የተሳናቸውና ሊታከሙ የሚችሉ ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ወዲያው ተፈተኑ። አምስት ነበሩ። አንድ ዕቃ በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ከዚያ ከሁለት ዕቃዎች መካከል የቱ እንደሆነ በዓይናቸው ይመርጣሉ። ያዩትን ካዩት ጋር ሲያዛምዱ ጎበዞች ነበሩ፤ ስለዚህ ዓይናቸው ደክሞ ነው ማለት አይቻልም። የዳሰሱትን ካዩት ጋር ማዛመድ ላይ ሲደርሱ ግን በግምት ከመምረጥ እምብዛም አልተሻሉም። ሎክና ሞሊኑ ልክ ነበሩ ማለት ነው።

ጉዳዩ ግን እዚህ አያበቃም። ልጆቹ በድጋሚ ሲፈተኑ በጣም ተሻሽለው ተገኙ፤ አንዱ ከቀናት በኋላ ብቻ። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚማር አእምሮ ለመማር የተዘጋጀ ነገር ይዞ የቆየ ይመስላል። ላይብኒዝም ጥቂት ነጥብ ይወስዳል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ሲሆን ካየሁ ነገም እንደሚሆን አወቅሁ ማለት ነው?

ሂዩም ታዋቂ የሆነው በዚህ ነው፤ ኢምፔሪሲዝምን ከውስጥ ያናወጠውም ይኸው ነው። አዳምን አስቡ ይላል። በተፈጠረበት ቀን አእምሮው ሙሉ ነው እንበል። ውሃ ፊቱ አለ፤ ጥርት ያለ፣ የሚፈስ። ውሃው ሊያሰምጠው እንደሚችል ከማየቱ ብቻ ሊያውቅ ይችላል? አይችልም። አንዱ ነገር ሌላውን እንደሚያስከትል የሚያስተምረን መደጋገም ነው።

መደጋገሙ ግን ያለፈው ነው። ነገ እንደ ትናንት ይሆናል ያለን ማን ነው? "እስካሁን ሁሌም እንዲያ ሆኗል" ካልን የምንመልሰው ራሱን ጥያቄውን ነው። ሂዩም ፀሐይ ነገ አትወጣም አላለም። ትወጣለች ብለን የምናምነው በማስረጃ ተገደን ሳይሆን ልማድ ስለሆነብን ነው አለ። ያለዚህ ልማድ ደግሞ አንድ ቀን አንውልም።

አውሮፓውያን ለዘመናት ያዩት ነጭ ስዋን (አንገተ ረጅም ትልቅ የውሃ ወፍ) ብቻ ነበር። "ጥቁር ስዋን" ለማይገኝ ነገር የሚነገር አባባል ነበር። በ1697 ዊለም ደ ቭላሚንክ የመራው የሆላንድ ጉዞ ምዕራብ አውስትራሊያ ደርሶ ጥቁሮቹን አገኘ። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በ1934 ከዚህ ዓይነቱ ነገር መውጫ ፈለገ። ሺህ ነጭ ስዋን ሁሉም ነጭ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አንድ ጥቁር ግን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ሳይንስ ማረጋገጥ ላይ ሳይሆን ለማፍረስ መሞከር ላይ ይቁም አለ። ብልህ መልስ ነው። ሙሉ ግን አይመስለኝም። ድልድይ ላይ ስሄድ የምተማመነው ስሌቱ እስካሁን ስላልፈረሰ ብቻ አይደለም፤ ነገም አይፈርስም ብዬ ነው። ሂዩም እዚያ ቆሞ ይጠብቀኛል።

የ30 ዓመት ልምድ ያለው ሰው የሚለው ለምን ማስረጃ አይሆንም?

ማስረጃ ነው። ደካማ ማስረጃ ግን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ከሕክምና ታሪክ የተሻለ ምስክር የለም።

ሐኪሞች በሽተኛን ደም እያፈሰሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አክመዋል። ሞኞች አልነበሩም። የሚያዩትን እያዩ ነው። በሽተኛው ይደማል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ይረጋጋል፣ ብዙ ጊዜም ይድናል። የማይታየው፣ ሳይደማ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ነው። የዳነውን ሕክምናው አዳነው ይላሉ። የሞተውን ዘግይቶ መጣ ይላሉ። እንዲህ ከሆነ 30 ዓመት አይደለም 300 ዓመት ቢሠሩ ልምዱ ምንም አያስተምርም፤ በራስ መተማመናቸውን ብቻ ያሳድገዋል። የፓሪሱ ሐኪም ፒየር ሉዊ በ1835 ባሳተመው ሥራ የሳንባ ምች በሽተኞችን ቆጠረ። ቀደም ብለው የደሙትንና ዘግይተው የደሙትን አነጻጸረ። ደም ማፍሰስ የሚወራለትን ያህል እንደማይጠቅም ያሳየው ይህ ቀላል ቆጠራ ነው።

ከእሱ በፊት በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሐኪም ሳልዝበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 የስከርቪ (በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ) በሽተኞችን ወሰደ። የሚመሳሰሉትን መረጠ። ምግባቸውንም አንድ ዓይነት አደረገ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ለየጥንዱ የተለየ መድኃኒት ሰጠ፦ ኮምጣጤ፣ የባሕር ውሃ፣ ከአፕል የተጠመቀ መጠጥና ሌላም። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በቀናት ውስጥ አገገሙ። የባሕር ኃይሉ የሎሚ ጭማቂን በደንብነት ያወጣው ግን በ1795 ነው። ሊንድ ራሱም ያገኘውን በቅጡ አልተረዳም፤ ጭማቂው እንዳይበላሽ እያሞቁ ማወፈርን መከረ፣ ሙቀቱ ደግሞ ፈዋሹን ቫይታሚን ሲ ያጠፋዋል።

ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ሰመልዋይስ ያደረገው ይበልጥ ያሳዝናል። በአንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት የሚሞቱት እናቶች አዋላጆቹ ካሉበት በብዙ ይበልጡ ነበር። ተማሪዎቹ አስከሬን ከመረመሩበት ወደ ምጥ ክፍል ይመጣሉ። በ1847 እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በኤፕሪል ከ100 እናቶች 18 ያህል ይሞቱ ነበር፤ በጁን ወደ 2 ገደማ ወረደ። ብዙ ስመ ጥር ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። እነሱ የረጅም ዘመን ልምድ ነበራቸው። እሱ የነበረው ንጽጽር ነው።

ከራስ ገጠመኝ ደንብ ማውጣት ሌላም ችግር አለው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንድ መጥፎ ገጠመኝ ከመቶ ሰላማዊ ቀን ይልቅ ይታወሳል። ስለዚህ የ30 ዓመት ባለሙያ ሲናገር የምጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሲሳሳት ወዲያው የሚያውቅበት መንገድ አለው ወይ? መኪና ጠጋኝ አለው፤ ሞተሩ ወይ ይነሳል ወይ አይነሳም። የአየር ትንበያ ሠሪም ነገ ጠዋት ያየዋል። የአሥር ዓመት የፖለቲካ ትንቢት የሚናገር ሰው ግን ማን ይመልስለታል?

ሁሉን ነገር ራሴ ካላየሁ አላምንም ማለት አለብኝ?

እንዲህ ከሆነማ የተወለዳችሁበትን ቀን እንኳ አታውቁም። አብዛኛው ዕውቀታችን ከሌሎች የሰማነው ነው። ኢምፔሪሲዝም የሚጠይቀው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያየ ሰው እንዲኖርና ሌላ ሰውም ሄዶ ማየት እንዲችል ነው። ሂዩም ስለ ምስክር ሲጽፍ ሚዛን ይጠቀማል። የሚነገረን ነገር ይበልጥ እንግዳ በሆነ ቁጥር ምስክሩም የዚያኑ ያህል መጠንከር አለበት።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት የኢምፔሪሲስቶቹንና የራሽናሊስቶቹን ክርክር ፈታው ይባላል። እውነት ነው?

መልኩን ለወጠው ቢባል ይሻላል። በ1781 ባሳተመው ሥራ ሁለተኛ እትም (1787) ላይ ዕውቀታችን ሁሉ ከልምድ ጋር ይጀምራል፤ ያ ማለት ግን ሁሉም ከልምድ ይመነጫል ማለት አይደለም አለ። ጊዜ፣ ጠፈር፣ መንስኤና ውጤት አእምሮ ወደ ልምድ ይዟቸው የሚመጣ ማዕቀፎች ናቸው። ያለ እነሱ የሚታየው ሁሉ ትርምስ ይሆን ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚለው ብሂላችን በአራት ቃል የተጻፈ ካንት ይመስለኛል፤ አስተማሪዎቼ ቢሰሙ ይቆጡ ይሆናል።

አቶም በዓይን አይታይም። ሳይንስ እንዴት ኢምፔሪካል (በልምድ ላይ የቆምኩ) ነኝ ይላል?

የማይታይ ነገር የሚታይ ምልክት ይተዋል። ፊዚክስ አዋቂው ኤርንስት ማክ ጥብቅ ኢምፔሪሲስት ስለነበር አቶም አለ ብሎ ለመቀበል አልፈለገም። አይንስታይን በ1905 ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ብናኞች የሚንቀጠቀጡት በማይታዩ ሞለኪውሎች ስለሚገጩ ከሆነ ምን ያህል መራቅ እንዳለባቸው አሰላ። ከ1908 ጀምሮ ዣን ፔረን በማይክሮስኮፕ እያየ ለካው። ተገጣጠመ። ማክ ጥንቃቄው ትክክል ነበር፤ ድንበሩን ግን ዓይኑ ላይ አሰመረው።

የሰማይ ታሪክም ተመሳሳይ ነው፤ እንዲያውም ሁለት ፊት አለው። የዩራነስ ፕላኔት ጉዞ ከስሌት ጋር አልገጥም አለ። ፈረንሳዊው ለ ቬሪዬ ሌላ ያልታየ ፕላኔት እየሳበው ነው ብሎ ቦታውን አሰላ። በሴፕቴምበር 23፣ 1846 ሌሊት በርሊን ላይ ጋለ የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ቴሌስኮፑን አዞረና ኔፕቲዩንን ከተባለበት ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት አገኘው። ስሌት ያሸነፈበት ቀን ነበር። ያው ለ ቬሪዬ በ1859 የሜርኩሪን ጉዞ መዛባት አይቶ በተመሳሳይ መንገድ ሌላ ፕላኔት አለ አለ። ስሙ ሳይቀር ወጣለት፤ ቩልካን ተባለ። ለአሥርተ ዓመታት ተፈለገ። የለም። መዛባቱን በኋላ ያብራራው የአይንስታይን አዲሱ የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ዓይነት አመክንዮ፣ ሁለት ውጤት። የትኛው እውነት እንደሆነ የለየው ማየት ብቻ ነው።

ብስክሌት መንዳት የመሳሰለው ዕውቀትስ?

እሱ የተለየ ነው። ፈላስፋው ጊልበርት ራይል በ1949 "እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ" እና "እንዲህ መሆኑን ማወቅ" ሁለት ነገሮች ናቸው አለ። የብስክሌትን ሚዛን በሒሳብ የሚያስረዳ ፊዚክስ አዋቂ መጀመሪያ ቀን ላይ መውደቁ አይቀርም።

ኢምፔሪሲስት ሆኖ በፈጣሪ ማመን ይቻላል?

ታሪኩ ይቻላል ይላል። ሎክ አማኝ ነበር። በርክሊ ጭራሽ ጳጳስ ሆኗል፤ ነገሮች በመታየታቸው ብቻ ይኖራሉ ካለ በኋላ ማንም በማያያቸው ጊዜ የሚያያቸው ፈጣሪ ነው አለ። ሂዩም ግን በተአምራት ላይ በጻፈው ምክንያት ብዙ ጠላት አፈራ።

ከዳታ የሚማሩ ኮምፒዩተሮች የሎክ ባዶ ወረቀት ናቸው?

ብዙ ሰው እንደዚያ ያያቸዋል። ልክ የሚሆነው ግን በከፊል ነው። መርሐ ግብሩ ምን ዓይነት ቅርጽ ይኑረው፣ ስህተት በምን ይለካ፣ ምን ያህል ይታረም የሚለውን ሰዎች አስቀድመው ይወስናሉ። ያ ማዕቀፍ ለላይብኒዝ ወይም ለካንት ይቀርባል። ከጽሑፍ ብቻ የሚማሩት ደግሞ የተመገቡት ሌሎች አይተው የጻፉትን ነው፤ ማለትም ምስክርነትን። አንድ ነገር እውነት መሆኑን ሄደው የሚያዩበት ዓይን የላቸውም። ካሜራና እጅ የተገጠመላቸው ሮቦቶች ላይ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል፤ እነሱ ዕቃውን ገፍተው ወደቀ ወይስ አልወደቀም የሚለውን ራሳቸው ያያሉ።